ዓይናችን አንድ ጊዜ ይጠየቅ

ሰው ከሰው የሚለይበት ምልክት ብዙ ነው። ያገር ሰው የሚተዋወቀው በመልክና በድምፅ፥ በስምና በአባት ስም ነው፤ ይህ ያልበቃ እንደ ሆነም «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፥ መልሱም ይበቃል። ከአገሩ ርቆ የሄደ ሰው ግን የማን ልጅ መሆኑን የሚያውቅለት ስለማያገኝ፥ ወይ ዋስ ይጠራል ወይ ወረቀት ያሳያል። እንግዲህ መታወቂያ የሚባለው ነገር ባጭሩ በኪስ የሚያዝ ዋስ ነው። የኛ ዘመን ደግሞ ወረቀት ይሰረቃል፥ ይቀደዳል፥ ይጭበረበራልም ብሎ፥ ምልክቱን ከራሱ ከሰው አካል ላይ መፈለግ ጀምሯል። ከነዚህ ምልክቶች መካከል ብዙ የሚታመንበት በዓይናችን ብሌን ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክብ ነው፤ በፈረንጆች አፍ አይሪስ ይባላል።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ሩቅ የሆነ የሳይንስ ወሬ ለማውራት አይደለም። የኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አይሪስ ከወዲሁ በመዝገብ ላይ ሰፍሯል። ፋይዳ የተባለው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ (የስሙን አመራረጥ አደንቃለሁ) በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ ተመዝጋቢውም የፊቱን ፎቶግራፍ፥ የአሥር ጣቶቹን አሻራና የሁለት ዓይኖቹን አይሪስ ይሰጣል። ከ2017 ዓ.ም ወዲህ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ ነገሩ መጥቷል፤ ይምጣ ወይስ ይቅር ብሎ መከራከሩ ጊዜው አልፏል። የቀረው ክርክር ዓይናችን መቼና የት ይጠየቅ የሚለው ነው። የኔ አሳብ እንዲህ ነው፤ ዓይናችን ስንመዘገብ አንድ ጊዜ ይጠየቅ፥ ከዚያ ወዲያ በየበሩና በየመስኮቱ «ዓይንህን አሳይ» አንባል።

አስቀድሞ መሣሪያው የሚያነበው ምን እንደ ሆነ ላስረዳ፤ ይህን ክፍል የባዮሎጂ መምህራችን እንደማይጠሉት ተስፋ አደርጋለሁ። አይሪስ የሚሠራው በእናታችን ማኅፀን ሳለን ነው። በሦስተኛው ወር ገደማ ይጀምራል፥ በስምንተኛው ወር ገደማ ቅርጹ ያልቃል፤ ከተወለድን በኋላ የሚጨመርበት ቀለም ነው። በላዩ ያሉት ጭረቶችና ክሮች የሚደረደሩበትን ዝርዝር ዘር አይወስነውም፤ ስለዚህ እናታቸው እንኳ የምታሳስታቸው መንታዎች አይሪሳቸው ይለያያል። የአንድ ሰው ቀኝ ዓይንና ግራ ዓይንም አንድ አይደሉም። እንደኛ ያለውን ጥቁር ቡናማ ዓይን በመስተዋት ያየ ሰው፥ አንድ ወጥ የቡና ቀለም እንጂ ሌላ ስለማይታየው፥ ከዚህ ላይ ምን ይነበባል ይላል። መሣሪያው ግን የሚያበራው ኢንፍራሬድ የተባለ፥ ከቀይ ብርሃን አልፎ ያለና ለዓይን የማይታይ ብርሃን ስለ ሆነ፥ ጥቁሩ ቀለም የሸፈነው ሥዕል በዚያ ብርሃን ወለል ብሎ ይታያል።

በአይሪስ ሰውን መለየት ይቻላል ብለው በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያወጡት ሌዎናርድ ፍሎምና አራን ሳፊር የተባሉ ሁለት የዓይን ሐኪሞች ናቸው፤ ይህም በ1987 ነው። (የውጭ አገር ነገር በማነሣበት ስፍራ ሁሉ ዓመቱ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።) አሳቡን በሒሳብ ሥራ ላይ እንዲውል ያደረጉት ግን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርስቲ ያስተምሩ የነበሩት ጆን ዶግማን ናቸው፤ የርሳቸው የፈጠራ መብት የወጣው በ1994 ነው። በርሳቸው ስሌት መሣሪያው ከአንድ ዓይን 2,048 የአዎንና የአይደለም ምልክቶች ይጽፋል። ለተማሪ በሚገባ ምሳሌ ልናገር። ሁለት ተማሪዎች ምንም ሳያጠኑ 2,048 የእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄዎችን በግምት ቢመልሱ፥ መልሳቸው በግማሹ ገደማ ይገጥማል፥ በግማሹ ገደማ ይለያያል። የሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ዓይኖችም እንደነዚህ ተማሪዎች ናቸው። መልሳቸው ከሦስት እጅ ሁለቱን አልፎ የገጠመ እንደ ሆነ ግን ፈታኙ መምህር ሌላ ማስረጃ አይሹም፤ አንዱ ካንዱ ገልብጧል። መሣሪያውም በዚሁ መንገድ ይፈርዳል፤ ልዩነቱ ከሲሶ ገደማ ያነሰ እንደ ሆነ «ይህ ያው ዓይን ነው» ይላል። ይህ ስሌት በራሳቸው የፈተና ወረቀት ላይ ቢሞከር ደስ የማይላቸው ጥቂት ሰዎች በክፍላችን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። የወረቀት መታወቂያ ጉድለት ምን እንደ ነበረ ወላጆቻችን ከኛ ይልቅ ያውቃሉ። ፎቶግራፉ በሙጫ ይለጠፋል፥ ማኅተም ይመታበታል፤ ነገር ግን ባንዱ ቀበሌ ባንድ ስም የወሰደ ሰው በሌላው ቀበሌ በሌላ ስም ቢወስድ፥ ሁለቱ መዝገቦች ስለማይተያዩ የሚደርስበት የለም። በሰው ስም የሚበደረው፥ በሰው ስም ገብቶ የሚፈተነውም መንገዱን የሚያገኘው ከዚህ ቀዳዳ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መብራት አጥፍቶና አብርቶ ያጠና ልጅ ወንበሩን ተከራይቶ በመጣ ሰው ሲቀደም፥ ጉዳቱ የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ የኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በዩኒቨርስቲዎች ግቢ እንዲሰጥ የተደረገው ኩረጃ ምን ያህል ሥር ሰድዶ ቢገኝ ነው! ዓይን በመዝገብ ላይ ካለ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሊሆን አይችልም፤ ሁለተኛ ሊመዘገብ ሲመጣ ዓይኑ ራሱ ይመሰክርበታል።

የጣት አሻራ አይበቃም ወይ የሚል ቢኖር፥ ድንጋይ የሚጠርበውን፥ ሲሚንቶ የሚያቦካውንና ዶማ ከእጁ የማይለየውን ሰው ጣት ይመልከት፤ መስመሩ አልቋል። አይሪስ ግን ከጠራው የዓይን መጋረጃ በስተኋላ ተሸሽጎ ስለሚኖር ሥራ አይጨርሰውም። የአይሪስን ብርታት ከሁሉ አስቀድመው ያወቁት ምናልባት ወደ ዐረብ አገር የሄዱት እኅቶቻችን ሳይሆኑ አይቀሩም። የተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከአገር የሚያባርሯቸውን ሰዎች አይሪስ እየመዘገቡ፥ ስሙንና ፓስፖርቱን ለውጦ የሚመለሰውን በአውሮፕላን ማረፊያ በዓይኑ ይለዩታል። ለጉዞ ሲባል ስም ይለወጣል፥ ዕድሜም ይጨመራል፤ ዓይን ግን የትኛውም ደላላ ሊለውጠው አልቻለም።

ይሁን እንጂ ዓይን የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ብዙ ሰው ይስታል። ዓይን «ይህ ሰው ያን ጊዜ የመጣው ሰው ነው» ይላል እንጂ «ይህ ሰው እገሌ ነው» አይልም። ለዚህ የሻርባት ጉላን ታሪክ የሚያህል ማስረጃ አላገኘሁም። ይህች አፍጋኒስታናዊት በ1984 በፓኪስታን በስደተኞች ሰፈር ሳለች፥ ስቲቭ ማከሪ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አነሣት፤ ሥዕሏም በ1985 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቶ አረንጓዴ ዓይኖቿን ዓለም ሁሉ ዐወቃቸው። ስሟን ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም። በ2002 ፈልገው አገኘናት ሲሉ፥ በርግጥ እርሷ መሆኗን የመሰከሩት ከላይ የጠቀስኋቸው ዶግማን ናቸው፤ የልጅነቷንና ያሁኑን ፎቶግራፍ አይሪስ አስተያይተው አንድ ነው አሉ። እንግዲህ በምድር ላይ ማንነቱ በዓይኑ የተረጋገጠለት ሰው አለ ቢባል እርሷ ናት። በ2016 ግን ይህችው ሴት በሐሰት መታወቂያ ትኖራለች ተብላ በፓኪስታን ታሰረች! ዓይኗ ለመጽሔቱ በቂ ምስክር ሆነ፤ በስደት አገር የመኖር መብት ግን ከዓይን አይነበብም፥ በሕግ ይሰጣል ወይም ይከለከላል እንጂ። በኛም አገር ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር ሊመዘገብ ይችላል። መጀመሪያ አንድ ሰው «ዐውቀዋለሁ» ይላል፥ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ያንን ቃል በዓይን ያትመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ ልግባ። ባለፈው ክረምት አያቴን ለምዝገባ ይዣቸው ሄጄ ነበር። አያቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት በጎጃም ገጠር፥ በድንጋይ ወፍጮና በምድጃ አጠገብ ነው። መዝጋቢው ወጣት «እማማ፥ ጣትዎን ጠበቅ አድርገው ይጫኑልኝ» አላቸው፤ ጠበቅ አድርገው ተጫኑ፥ መሣሪያው ግን ከአሥሩ ጣት ሦስቱን ብቻ ተቀበለ። ወደ ዓይን ተዛወርን። የአያቴን ቀኝ ዓይን ትራኮማ፥ ባገርኛው የዓይን ማዝ፥ ጎድቶታል። ይህ በሽታ የዓይንን ቆብ ወደ ውስጥ ያጣጥፈውና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያቆስለዋል፤ አያቴም እንደ ብዙ የዘመናቸው ሴቶች በወረንጦ ሲነቅሉት ኖረዋል። ቁስሉ ሲድን ነጭ ጠባሳ ይተዋል፥ ከጠባሳው በስተኋላ ያለው አይሪስም አይታይም። አገራችን ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ስለ ሆነች፥ ይህ የአያቴ ብቻ ነገር አይደለም። የቀኙ ዓይን እምቢ አለ። ለግራው ወጣቱ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆቡን በጣቱ ቀስ አድርጎ እየያዘ አምስት ጊዜ ሞከረ፤ በአምስተኛው ተቀበለ። አያቴ ይህን ሁሉ ታግሠው ከቆዩ በኋላ «ልጄ፥ ያገር ሰው ሁሉ ያውቀኝ የለም እንዴ! ይህ ዕቃ ብቻ ነው ያላወቀኝ?» አሉት፤ እርሱም ሳቀ፥ እኛም ሳቅን። እግዚአብሔር ይስጠው፥ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልተቈጣም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ከአሳቤ አልወጣም። አያቴ በመዝገብ የታወቁት ባንድ ዓይንና በሦስት ጣቶች ነው። የግራው ዓይን በሚመጣው ዓመት ቢጋረድስ? ምዝገባ በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚደረግ ነገር ስለ ሆነ ግማሽ ሰዓትና አንድ ደግ ወጣት ይበቃዋል። ነገር ግን አያቴ እህል ሊቀበሉ፥ ሐኪም ቤት ሊገቡ፥ ከልጃቸው የተላከላቸውን ገንዘብ ሊያወጡ በሄዱ ቍጥር ዓይናቸውን አሳዩ ቢባሉ፥ በየመስኮቱ ያ ወጣት አይቀመጥላቸውም። በየጊዜው የሚጠየቅ ዓይን አስቀድሞ የሚጥላቸው ሽማግሌውን፥ ሕመምተኛውንና የድኻ ሠራተኛውን ነው። ሐሰተኛው ዓይኑ ደኅና ነው፤ ጠንከር ያለ ብርሃን ቢበራበትም አይርገበገብም።

ይህ ፍርሃት ከንቱ እንዳልሆነ ከሕንድ አገር እንማር። ሕንድ አድሃር የተባለውን መታወቂያ በ2010 መስጠት ጀመረች፤ እርሱም እንደኛው አሥር ጣት፥ ሁለት አይሪስና የፊት ፎቶግራፍ ይቀበላል፥ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብም ተመዝግቦበታል። በስርቆት ይባክን የነበረውን የድኻ ራሽን ለማዳን ነው ተብሎ፥ የራሽን ካርድ ከአድሃር ጋር እንዲያያዝ ታዘዘ፤ በየሱቁም ሰው አካሉን እያስነበበ እህሉን እንዲወስድ ተደረገ። በ2017 ጃርካንድ በተባለው ክፍለ ሀገር የ11 ዓመት ልጅ ሞተች። የቤተሰቧ የራሽን ካርድ ከአድሃር ጋር አልተያያዘም ተብሎ ተሰርዞ ነበር። እናቷ ልጄ በረኃብ ሞተች አለች፤ ሹሞቹ በወባ ነው አሉ። የሞቷ ምክንያት የትኛውም ይሁን፥ እህሉ ከዚያ ቤት የቀረው ልጅቱ ሐሰተኛ ስለ ነበረች እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። በሚቀጥለው ዓመት በመስከረም ወር የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደ፤ መንግሥት ለሚሰጠው ድጎማ አድሃርን መጠየቅ ይችላል፥ ባንክና የስልክ ኩባንያ ግን ሊያስገድዱ አይችሉም፥ የፈተና ድርጅቶችም ተማሪን ያለ አድሃር አትፈተንም ሊሉት አይችሉም አለ። ይህን የመጨረሻውን ቃል ለክፍል ጓደኞቼ ደግሜ ሳነብላቸው ከፍ ያለ ጭብጨባ ሆነ፤ ጭብጨባው ለፍርዱ ይሁን ለፈተናው መቅረት አላወቅሁም።

ሌላም አሳብ አለኝ። ቁልፍ ቢሰረቅ መዝጊያው ይለወጣል፥ የይለፍ ቃል ቢታወቅ ሌላ ይጻፋል፤ ዓይን ግን ሁለት ብቻ ነው፥ ለውጥ የለውም። በ2017 ኬኦስ ኮምፒዩተር ክለብ የተባለ የጀርመን ማኅበር፥ ሳምሰንግ ባወጣው ጋላክሲ ኤስ 8 ስልክ ላይ ያለውን የአይሪስ መቆለፊያ፥ ከርቀት በተነሣ ፎቶግራፍና በላዩ በተቀመጠ የዓይን ሌንስ ከፍቶ አሳይቷል። የመንግሥት መሣሪያ ከስልክ የበረታ እንደሚሆን አምናለሁ፤ ነገር ግን ዓይናችንን የሰጠንባቸው ስፍራዎች በበዙ ቍጥር የሚሰረቅበትም ስፍራ ይበዛል። ስርቆት ባይኖር እንኳ መዝገብ ከሠሪው እጅ ወደ ሌላ እጅ ሊተላለፍ ይችላል። በአፍጋኒስታን የአሜሪካ ወታደሮች የብዙ ሰዎችን አይሪስ፥ አሻራና ፊት ሲመዘግቡ ኖረው፥ በነሐሴ 2021 ታሊባን አገሩን ሲይዝ ከመመዝገቢያዎቹ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ በእጁ እንደ ገቡ ተዘግቧል። ከአሜሪካኖች ጋር ሠርቶ የነበረ አስተርጓሚ ስሙን መለወጥ ይችል ይሆናል፥ ጢሙንም ማሳደግ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያስ? እኛ ዘንድ የሰውን የግል መረጃ ስለ መጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ መልካም ነው። መዝገቡ አንድ ብቻ ሆኖ በብርቱ ሲጠበቅ አዋጁ ሊሠራ ይችላል፤ ሱቁም ባንኩም ትምህርት ቤቱም የየራሱን የዓይን መዝገብ ከያዘ ግን ማን በማን ላይ ይቈጣጠራል?

በክርክር ክበባችን ይህን ስናገር አንድ ጓደኛዬ አጥብቆ ተቃወመኝ። «ዓይን የሚጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፥ የሌላውን ሰው ካርድ ይዞ የሚመጣውን በምን ታውቀዋለህ? ወደ ወረቀቱ ዘመን መለስኸን እኮ!» አለ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፥ መልስ ግን አለው። ካርዱ ላይ የባለቤቱ ፎቶግራፍ አለ፤ በካርዱ ያለው ባለ ነጠብጣብ ምልክትም በስልክ ሲነበብ ፎቶግራፉና ስሙ ያልተለወጠ መሆኑን ያሳያል፤ የድሮው ወረቀት ይህ አልነበረውም። በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የፓስፖርት ደንብ እንኳ ግዴታ የሚያደርገው የፊትን ሥዕል ነው፤ አሻራና አይሪስ ለየአገሩ ፈቃድ የተተዉ ናቸው። ድንበር ለመሻገር ፊት ከበቃ፥ አምስት ኪሎ ዱቄት ለመግዛት ዓይን ምን ያደርጋል? እንደ ቤት ሽያጭና የጠፋ መታወቂያን እንደ ማስተካት ባለ ከባድ ነገር ዓይን እንደገና ይታይ ቢባል አልከራከርም፤ እንዲህ ያለው ነገር በዕድሜ ስንት ጊዜ ያጋጥማል? ጓደኛዬ በዚህ አልረካም፤ ዳኞቹ ግን እኩል ነጥብ ሰጥተውናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ለትምህርት ቤታችን ቅርብ የሆነ ነገር ነው። ወደፊት በፈተና በር ዓይን ይታይ ቢባል እኔ ዓይኔን ለማሳየት አልፈራም፤ ነገር ግን በክፍላችን ዓይኗን ታማ መነጽርዋን የማታወልቅ ልጅ አለች፥ በሌላውም ትምህርት ቤት እንደርሷ ያሉ ይኖራሉ። መሣሪያው እምቢ ባለ ጊዜ ተማሪውን ከበር የሚመልስ ደንብ አይኑር። አራት ዓመት ሙሉ በየጧቱ ስማችንን ሲጠሩ የኖሩት የክፍል ኃላፊ መምህራችን ቀርበው «ይህች ተማሪዬ ናት» ብለው ስማቸውን የሚጽፉበትና የሚፈርሙበት አንድ መስመር በፈተናው መዝገብ ላይ ይታተም፤ በሐሰት የፈረመ እንደ ሆነም በሕግ ይጠየቅበት። ይህን አሳብ በጽሑፍ አድርጌ ለተማሪዎች ምክር ቤት ሰጥቻለሁ፤ ወላጆችም በወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ቢያነሡልን ደስ ይለናል።